ማዕዱ ላይ አንድ ወንበር ሲጨመር



የዛሬው ጽሑፌ ስለ ወንበር ነው። «ስለ ወንበር ደግሞ ምን ይጻፋል?» የምትሉ እንደምትኖሩ እገምታለሁ፤ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ እንደዚያው እል ነበር። አሳቤን የለወጠው በአንድ የመግሪብ ሰዓት በቤታችን የደረሰ ነገር ነው።

ሁለተኛዋ ልጃችን ዘጠኝ ወር ሆኗት ነበር። የባለቤቴ እህት ከጅዳ ስትመለስ፣ ትሠራበት የነበረው ቤት ሰዎች የሰጧትን የሕፃን መመገቢያ ወንበር ይዛልን መጣች። እግሩ ረጅምና የሚታጠፍ፣ ከፊቱ የፕላስቲክ ገበታ ያለው፣ ያገለገለ ቢሆንም ገና የሚያብረቀርቅ ዕቃ ነበር። ከማሰሪያው ቁልፎች አንዱ ግን ተሰብሯል። እኔም «ገበታው ይይዛት የለም እንዴ?» ብዬ የተንጠለጠለውን ቀበቶ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት።

ያን ዕለት ባለቤቴ ልጅቱን አስቀምጣ ገንፎዋን ልታመጣ ወደ ማድ ቤት ገባች። እኔ ውዱእ ላደርግ ወጣሁ። ስመለስ ልጅቱ ከመቀመጫዋ ወደ ታች ተንሸራታ፣ ወገቧና ደረቷ በገበታው ሥር አልፎ፣ አገጯ ብቻ በገበታው ጠርዝ ተይዞ፣ እግሯ አየር ላይ ሲወራጭ አገኘኋት። አላለቀሰችም። ማልቀስ አትችልም ነበር። እንዴት እንዳነሣኋት ዛሬ ድረስ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ትንፋሿ ሲመለስ የሰማሁትን ድምፅ ብቻ ነው። ወደ ክሊኒክ ወስደን አስመረመርናት፤ ከአንገቷ መቅላት በስተቀር ምንም አልሆነችም፤ አልሐምዱ ሊላህ። ወንበሩን የሠራው ፋብሪካ ቀበቶውን አስቦ ነበር የሠራለት። መቀሱን የያዘው እጅ የኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ከመጻሕፍትም፣ ከሐኪሞችም፣ ከአናጢም ዘንድ ስጠይቅ ቆየሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ የደረሰብን ነገር እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። የሕፃን ጭንቅላት ከቀረው አካሉ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፤ ዳሌው ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ ወገቡ የሚያልፍበት ክፍተት ጭንቅላቱን አያሳልፍም። ሕፃኑ ጀርባውን ገፍቶ ወደ ፊት ሲንሸራተት መላ አካሉ በገበታው ሥር ሊወጣ ይችላል፤ አንገቱ ላይ ሲደርስ ይያዛል፤ ክብደቱ በሙሉ በአንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ይህን የሚከለክለው በሁለቱ እግሮች መካከል የሚያልፍ ነገር ነው። በእግሮቹ መካከል የቆመ አጭር ምሰሶ ወይም ጠንካራ ክፋይ ሊሆን ይችላል፤ ከርሱም ጋር በጭኖቹ መካከል ወጥቶ ከወገብ ቀበቶው ጋር የሚቆለፍ ማሰሪያ አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥታ በ2019 በሥራ ላይ ባዋለችው አስገዳጅ ደንብ ሁለቱም እንዲኖሩ ታዝዟል፤ ምክንያቱም ቀበቶውን ወላጅ ሊረሳው ይችላል፣ ምሰሶው ግን ሁልጊዜ እዚያው ነው። ገበታው ምግብ የሚቀመጥበት ነው እንጂ ልጅ የሚታሰርበት አይደለም። ከዚህ ጽሑፍ አንዲት ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ እርሷን ያዙልኝ።

ለመሆኑ ወንበሩ ያስፈልገናል?

እናቴ ነገሩን ስትሰማ የተናገረችው ይህንኑ ነበር። «ሰባታችሁንም ያሳደግሁት ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው፤ ጭን ምን ጎደለው?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ጭን በእርግጥ ከወንበር ሁሉ የተሻለ ወንበር ነው፤ አይገለበጥም፣ ቁልፉ አይሰበርም። እናቴ ያልተናገረችው ነገር ቢኖር በዚያን ጊዜ በቤታችን አያትም፣ አክስትም፣ የጎረቤት ልጆችም እንደነበሩ ነው። የእርሷ ጭን ሥራ ሲይዝ ሌላ ጭን ነበረ። ዛሬ በኪራይ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ብቻቸውን ልጅ ሲያሳድጉ፣ እናት በአንድ እጇ ሕፃን ታቅፋ በሌላው ትኩስ ድስት ታወርዳለች። ዐረብ አገር ወይም አውሮፓ ውስጥ ያሉ እህቶቻችንማ ከዚህም የባሰ ብቻቸውን ናቸው።

ደግሞ በኛ ቤት የመሬቱ ጉዳይ አለ። ቡና የሚፈላው ወለሉ ላይ ነው፤ ፍሙ፣ ጀበናው፣ ረከቦቱ ሁሉ የሚድህ ልጅ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ይገኛል። የረመዷን ምሽቶችን ደግሞ አስቡ። ሳምቡሳው በዘይት ይጠበሳል፣ ሾርባው ይንተከተካል፣ አዛን ሊል ደቂቃዎች ሲቀሩ የቤቱ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል። በዚያች ሰዓት ልጅን ከእሳትና ከፈላ ነገር አርቆ የሚያስቀምጥ ደኅና ወንበር ትልቅ እገዛ ነው። ነገር ግን በዚያችው ሰዓት ልጁን የሚያየው ሰው አይኖርም፤ እኛም ቤት የሆነው ያው ነው። ወንበሩ ዓይንን አይተካም። አንድ ሰው፣ ትልቁ ልጅም ሳይሆን አዋቂ ሰው፣ ሕፃኑ ከወንበሩ እስኪወርድ ድረስ ከአጠገቡ ሊሆን ይገባል።

ሌላው የኛ ቤት ልዩነት ብዙዎቻችን የምንበላው ምንጣፍ ላይ ወይም በመሶብ ዙሪያ ዝቅ ብለን መሆኑ ነው። የውጭ አገሩ ወንበር የተሠራው ለረጅም ጠረጴዛ ነው። ቤተሰቡ መሬት ተቀምጦ ሕፃኑ ብቻውን አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሰቀል፣ ከማዕዱ ተለየ ማለት ነው። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የዑመር ኢብኑ አቢ ሰላማን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ሳለ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ከአንድ ሳሕን ሲበላ እጁ ወዲያና ወዲህ ይዞር ነበር፤ ቢስሚላህ ማለትን፣ በቀኝ እጅ መብላትንና ከፊት ለፊት መቁረስን የተማረው እዚያው ማዕዱ ላይ ነው። ልጅ የአበላልን ሥርዓት የሚቀስመው የታላላቆቹን እጅ እያየ ነው። ስለዚህ የኔ ምክር፣ ምንጣፍ ላይ የምትበሉ ከሆነ ዝቅተኛውን ወንበር ምረጡ የሚል ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ የሚል፣ ጀርባና ክንድ ያለው፣ ማሰሪያ የተበጀለት መቀመጫ ይበቃል። ቢወድቅ እንኳ የሚወድቅበት ርቀት አጭር ነው። እግሩ ተነቅሎ ዝቅ የሚል ረጅም ወንበርም በገበያ ላይ አለ፤ ጠረጴዛም ምንጣፍም ለሚጠቀም ቤት ይስማማል።

መቼ ይጀመር?

ተጨማሪ ምግብ የሚጀመረው ስድስት ወር ሲሞላ እንደሆነ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል፤ ጡቱ ግን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። (ሁለት ዓመትን ስናነሣ ሱረቱል በቀራን ያስታወሰ አልተሳሳተም።) ሆኖም ወንበሩን የሚወስነው ወሩ ብቻ አይደለም። ሕፃኑ አንገቱን ማጽናትና በትንሽ ድጋፍ ቀጥ ብሎ መቀመጥ መቻል አለበት። ትራስ በግራ በቀኝ ጠቅጥቆ ማስቀመጥ መፍትሔ አይደለም፤ ትራሱ ሲንሸራተት ልጁ ይጎብጣል። የጎበጠ ወይም ወደ ኋላ የተንጋለለ ልጅ ደግሞ ምግብ በቀላሉ ትን ይለዋል። የአንዳንዱ ወንበር መደገፊያ ወደ ኋላ ይተኛል፤ ለማረፊያ ካልሆነ በቀር ሲመገብ ቀጥ ይበል። ወንበር ላይ ተቀምጧልና እንደ ትልቅ ሰው ይብላ ብሎ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ የሚያቀብል ዘመድ ካለም በትሕትና እጁን ያዙት።

እግሩን እዩ፣ ቀበቶውን ሳቡ

ገበያ ስትሄዱ በመጀመሪያ የምታዩት ቀለሙን ሳይሆን እግሩን ይሁን። የአራቱ እግሮች ስፋት ከታች ከመቀመጫው ስፋት በግልጽ መብለጥ አለበት። ወንበሩን ከላይ ይዛችሁ ወደ ጎንም ወደ ኋላም ግፉት፤ ባለሱቁ ቢቆጣም ግፉት። የዘጠኝ ወር ልጅ ገበታውን ሲመታ፣ የዓመት ልጅ ደግሞ ቆሞ ሲወዛወዝ ከናንተ ግፊት አያንስም። በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው ኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ከ2003 እስከ 2010 ድረስ በአሜሪካ በየዓመቱ በአማካይ ከ9,400 በላይ ሕፃናት ከእንዲህ ዓይነት ወንበሮች ጋር በተያያዘ ጉዳት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመጡ እንደነበር አስልተዋል። ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት የወደቁ ናቸው። ከመውደቃቸው በፊት ምን ያደርጉ እንደነበር ከታወቀላቸው መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ወንበሩ ላይ ቆመው ወይም ሲወጡ ሲንጠላጠሉ ነበር። ይህ የሚያሳየው ቀበቶ ወይ እንዳልነበረ ወይ እንዳልታሰረ ነው። የኛ አገር ወለል ደግሞ ምንጣፍ የለበሰ ብቻ አይደለም፤ ሊሾ ነው፣ ሴራሚክ ነው።

ቀበቶ ሁለት ዓይነት ነው። ባለ ሦስት ነጥቡ ወገብን ከግራና ከቀኝ ይዞ በእግር መካከል ይቆለፋል። ባለ አምስቱ ትከሻንም ይጨምራል። ዕረፍት የሌለው፣ ቶሎ መቆም የጀመረ ልጅ ካላችሁ ባለ አምስቱ ይሻላል። ቁልፉን በአንድ እጃችሁ ሞክሩት፤ እናንተ በሁለት እጅ የምትታገሉት ከሆነ ከሳምንት በኋላ ማሰሩን ትተዉታላችሁ። ልጁ በጣቱ ሊከፍተው የሚችለውም አይጠቅምም። ሲታሰር በቀበቶውና በልጁ አካል መካከል ሁለት ጣት ብቻ ቢገባ መልካም ነው።

እግር ማሳረፊያ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው። እግሩ የተንጠለጠለ ሰው ረጅም ጊዜ ተረጋግቶ አይበላም፤ ሕፃንም እንደዚሁ ነው። ኖርዌያዊው ፒተር ኦፕስቪክ እ.ኤ.አ. በ1972 «ትሪፕ ትራፕ» የተባለውን ወንበር ሲሠራ ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ መቀመጫውም እግር ማሳረፊያውም ልጁ ሲያድግ ከፍና ዝቅ ይላሉ። ወንበሩ ውድ ነው፤ አሳቡን ግን ማንኛውም አናጢ በጣውላ ሊሠራው ይችላል።

ጎማ ያለው ወንበር ከክፍል ክፍል ለመግፋት ይመቻል፤ ግን ፍሬኑ የማይዝ ከሆነ እንዳትገዙት። ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር የሚቆነጠጥ፣ እግር የሌለው ዓይነትም አለ። ይህኛው ለመስተዋት ጠረጴዛም፣ አንድ እግር ብቻ ላለው ጠረጴዛም አይሆንም፤ ጠረጴዛው ከነልጁ ይገለበጣል። ባለ ጎማውን የልጅ መራመጃ እንደ መመገቢያ ወንበር የሚጠቀሙም አጋጥመውኛል። ካናዳ መራመጃውን ከ2004 ጀምሮ እንዳይሸጥ የከለከለችው ልጆች በርሱ ሆነው ከደረጃ ስለሚወድቁና ወደ እሳት ስለሚደርሱ ነው። መብያ አድርጎ መጠቀም ደግሞ ጉዳቱን ማዕድ ቤት ድረስ መጋበዝ ነው።

ያገለገለ ወንበር

ከውጭ ዘመድ የሚልከው ዕቃ ክብር አለው፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ፋብሪካ የተሳሳተ ዕቃ ሲያወጣ ከገበያ እንደሚሰበስብ፣ የተሰበሰበው ሁሉ ደግሞ ተመላሽ እንደማይሆን ማወቅ አለብን። ለምሳሌ ግራኮ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 «ሃርመኒ» የተሰኘውን የመመገቢያ ወንበሩን አስመልክቶ 1.2 ሚሊዮን ለሚሆኑ ወንበሮች ጥሪ አድርጓል፤ የፊት እግሮቹ ብሎኖች እየላሉ ወንበሩ ሳይታሰብ ይወድቅ ነበርና። እንዲህ ያለ ወንበር ከባለቤት ወደ ባለቤት እየተላለፈ ባሕር ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ከወንበሩ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ፈልጉ፤ የሞዴሉን ስምና ቁጥር ይዛችሁ ኢንተርኔት ላይ የሚያይላችሁን ሰው ጠይቁ። የአውሮፓው መለኪያ ቁጥር 14988፣ የአሜሪካው ደግሞ ኤፍ 404 ነው፤ ከነዚህ አንዱ ቢጻፍበት አንድ ነገር ነው። ከዚያም ብሎኑን ሁሉ አጥብቁ፣ ሲታጠፍ የሚቆለፍበትን ቦታ ደጋግማችሁ ሞክሩ፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ካለ በቴፕ አታልፉት። ማሰሪያው ከጎደለ ቀበቶ እስኪገኝ ድረስ ልጅ አይቀመጥበት። ይህ የብሎን ሥራ በተለይ ለአባቶች ነው። ብዙዎቻችን ወንበሩን ገጣጥመን ከሰጠን በኋላ ዳግመኛ አንነካውም፤ በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ከጁሙዓ መልስ፣ መፍቻ ይዘን ብንዞረው ምን ይለናል?

ሐጂ ዘንድ

እኛ በመጨረሻ የሄድነው ሰፈራችን ወዳሉት አናጢ ነው። ስሙን ባልጠራውም አንቱ የሚባሉ፣ ሐጅ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። አሳቤን ስነግራቸው «ኡስታዝ፣ እግሩን ቀጥ አድርጌ ባቆመው ያምርልዎታል፤ ይሄ እኮ የተንጋደደ ይመስላል» አሉኝ። «ሐጂ፣ አያምርም ብዬ አልከራከርዎትም፤ እንዳይገለበጥ ነው የፈለግሁት» አልኳቸው። ሳቁና «ለልጅ ልጄ ከሆነማ እንደ ግመል እግሩን ላንፈራጥጠው» ብለው ጀመሩ።

ለአናጢ የምታሠሩ ከሆነ እኛ የተስማማንባቸውን ልንገራችሁ። መገጣጠሚያው በብሎንና በኮላ እንጂ በሚስማር ብቻ አይሁን፤ ሚስማር ሲላላ ራሱ ብቅ ይላል። ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ይለስልስ። የሕፃን ጣት ገብቶ የሚያዝበት ቀዳዳም ሆነ ክፍተት አይኑር። በሁለት እግሮቹ መካከል የሚቆመው ምሰሶ ከመቀመጫው ጣውላ ጋር ተሰክቶ ይሠራ፤ ኋላ የተለጠፈ ከሆነ ይነቀላል። ቀበቶውን መርካቶ ከሻንጣ ጠጋኞች ዘንድ አሠራን፤ ሰፊ የቦርሳ ማንገቻ ከነፕላስቲክ ቁልፉ፣ በጣውላው ውስጥ አልፎ ከሥር በብሎን የታሰረ። ቀለም ግን አላስቀባንም። በአንዳንድ ቀለም ውስጥ የሚጨመረው የእርሳስ ማዕድን የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ሕፃን ደግሞ የወንበሩን ጠርዝ ከምግቡ እኩል ይልሳል። እርሳስ እንደሌለበት ያልተጻፈበትን ቀለም ከመቀባት ለስላሳ ባዶ እንጨት ይሻላል።

ወንበሩ ከተገኘ በኋላ ቦታው ይቀራል። ከግድግዳና ከጠረጴዛ አርቁት፤ ልጁ በእግሩ ገፍቶ ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል። ከምድጃ፣ ከቡናው፣ ከተንጠለጠለ የመጋረጃ ገመድና ከኤሌክትሪክ ሽቦም እንዲሁ። የገበታው ጨርቅ ተስቦ ትኩስ ወጥ እንዳይመጣበት ጨርቁን አንሡት። ታላላቆቹም ወንበሩን እንዳይንጠላጠሉበት ይነገራቸው።

ጽዳቱን በአጭሩ ልለፈው። የጨርቅ ልባስ ያለው ሲታይ ያምራል፣ በሳምንቱ ግን የገንፎ ቅቤና እርጎ ጠጥቶ ይሸታል። ተነቅሎ የሚታጠብ ገበታና ስንጥቅ የሌለው መቀመጫ ይሻላል። ቀበቶውንም ማጠብ አትርሱ፤ ፍርፋሪ የገባበት ቁልፍ ተቆልፏል ሲሉት አልተቆለፈም።

አሮጌውን ወንበር በተመለከተ አንዲት ጎረቤታችን «እናንተ ካልተጠቀማችሁበት ለኔ ስጡኝ፤ ሰደቃም ይሆንላችኋል» ብላ ለምናን ነበር። ወንበሩ አሁንም ያብረቀርቅ ነበርና ዓይኗ ያረፈበት አልገረመኝም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳትና ለሐጂ የከፈልኩትን ያህል ለርሷም እንድናሠራላት ተስማማን። የዚያን ወንበር ገበታ ባለቤቴ ሽንኩርት ትልጥበታለች። የቀረውን ማንም አንሥቶ እንዳይጠግነው፣ እግሮቹን በመጋዝ ቆርጬ ጣልኩት።